ባለ ቫልቭ የድምፅ ማጉያ ቤት ውስጥ ሲሠራ፦ ከአሮጌ ሬዲዮ እስከ ሻሲ

ባለ ቫልቭ የድምፅ ማጉያ (አምፕሊፋየር) ተከፍቶ ሲታይ ውስጡ ጥቂት ዕቃ ነው፤ ሦስት ቫልቭ፣ ሁለት ትራንስፎርመር፣ ሃያ ያህል ሬዚስተርና ካፓሲተር። ሰርኪዩቱም የታወቀና በአንድ ገጽ የሚሳል ነው። ጥሩውን ማጉያ ከመጥፎው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ሻሲው ነው። ሻሲ ዕቃ መሸከሚያ ብቻ አይደለም፤ ሙቀት ያስወጣል፣ ጉርምርምታን ይከላከላል፣ ሽቦ ሲላቀቅም የሰው ሕይወት ያተርፋል። በምዕራብ ዓባያ ወረዳም ሆነ በአርባ ምንጭ ከተማ ለዚህ ሥራ ተብሎ የተበሳ ሳጥን በቅርብ ስለማይገኝ ሻሲው ከተገኘው ብረት ይሠራል። ይህ መመሪያ ባለ አንድ ቻናል፣ 5 ዋት ገደማ የሚሰጥ ማጉያን ይመለከታል። ለሳሎን ወይም ለትንሽ ቡና ቤት ይበቃል፤ ለሠርግ ድንኳን አይሆንም።

ከሥራው በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በማጉያው ውስጥ ከ250 እስከ 350 ቮልት ዲሲ ይኖራል፤ ይህም ከግድግዳ ሶኬት ያላነሰ ይገድላል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ውስጡ የሚነካው ስፒናው ተነቅሎ፣ ሁለት ደቂቃ ተጠብቆና ቮልቴጁ ከ10 በታች መውረዱ በቴስተር ተረጋግጦ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ከ40 እስከ 60 ዋት የሆነ የሊድ ማቅለጫ ካውያ፣ ሊድ፣ እስከ 600 ቮልት ዲሲ የሚለካ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መሰርሰሪያ፣ ግማሽ ክብ ሞረድና የብረት መጋዝ ናቸው።

1. ዕቃ ማሰባሰብ

ዋናው የዕቃ ምንጭ አሮጌ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ነው። የፊሊፕስ፣ የግሩንዲግና የቴሌፉንከን ሬዲዮዎች በየጓዳው ተቀምጠው፣ አንዳንዴም በአርባ ምንጭ ሲቀላ የጥገና ቤቶች መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ከእንዲህ ዓይነቱ ሬዲዮ የሚፈለጉት አራት ነገሮች ናቸው፤ የኃይል ትራንስፎርመሩ፣ የስፒከር (የውጤት) ትራንስፎርመሩ፣ የውጤት ቫልቩና የሬክቲፋየር ቫልቩ።

ሬዲዮው ከመፈታቱ በፊት የቫልቮቹ ስም ይነበባል፤ የመጀመሪያው ፊደል የማሞቂያ ክሩን ዓይነት ይናገራልና። “ኢ” ማለት 6.3 ቮልት ነው፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። “ፒ” ለቴሌቪዥን የተሠራ፣ 300 ሚሊአምፔር የሚፈልግ ነው። “ዲ” በባትሪ ይሠሩ የነበሩ ሬዲዮዎች የ1.4 ቮልት ቫልቭ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አቅም የለውም። “ዩ” ክሮቻቸው በተከታታይ ተያይዘው በ100 ሚሊአምፔር የሚሠሩ ናቸው። ባለ “ዩ” ሬዲዮዎች ብዙውን ጊዜ የኃይል ትራንስፎርመር የላቸውም፤ ሻሲያቸው ከመብራት መስመሩ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ሲነካ ይገድላል። ከእነሱ የሚወሰደው የስፒከር ትራንስፎርመሩና ስፒከሩ ብቻ ነው።

ለዚህ ማጉያ ሦስት ቫልቮች ይበቃሉ፤ ኢኤል 84 ለውጤት፣ ኢሲሲ 83 ለመጀመሪያ ማጉላት፣ ኢዜድ 80 ለሬክቲፋየር። ኢኤል 84 በአሜሪካ አጠራር 6ቢኪው5፣ ኢሲሲ 83 ደግሞ 12ኤኤክስ7 ይባላሉ፤ ሁለቱም ዛሬም በፋብሪካ ይመረታሉ። የሶቪየቱ 6ፒ14ፒ በኢኤል 84 ቦታ ይገባል። በኢሲሲ 83 ፈንታ የሶቪየቱ 6ኤን2ፒ ሲገባ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ የማሞቂያ ክሩ እግሮች አወጣጥ ስለሚለይ ሽቦው ሳይቀየር ቢሰካ አይሠራም።

2. የተገኘውን መፈተሽ

ከአሮጌ ሬዲዮ የወጡ ካፓሲተሮች በሙሉ ይጣላሉ። በሰም የተነከረው የወረቀት ካፓሲተር ዲሲ ያሳልፋል፤ ወደ ኢኤል 84 ግሪድ ሲያሳልፍ ቫልቩ ከልክ በላይ ይስባል፣ አኖዱ ይቀላል፣ በመጨረሻም የስፒከር ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። አሮጌ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተርም ስለሚደርቅ በአዲስ ይተካል። በዚህ ሥራ ላይ መቆጠብ የማይገባው ገንዘብ የካፓሲተር ገንዘብ ነው።

የስፒከር ትራንስፎርመሩ በሁለት መንገድ ይፈተሻል። በቴስተር ሲለካ የቫልቩ ወገን ብዙውን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም፣ የስፒከሩ ወገን ከ1 ኦም በታች ያሳያል። ቀጥሎ ከትንሽ ትራንስፎርመር 12 ቮልት ኤሲ ወደ ቫልቩ ወገን ይሰጥና በስፒከሩ ወገን ያለው ይለካል። ለኢኤል 84 የሚስማማው 5.2 ኪሎ ኦም ስለሆነ ለ8 ኦም ስፒከር 0.47 ቮልት፣ ለ4 ኦም ደግሞ 0.33 ቮልት ገደማ መታየት አለበት። የተለመደ ስሕተት ተራ የኃይል ትራንስፎርመርን በስፒከር ትራንስፎርመር ቦታ ማስገባት ነው። በነጠላ ውጤት ቫልቭ ማጉያ ውስጥ ዲሲ ሁልጊዜ በጠምዛዛው ስለሚያልፍ የብረቱ ልብ ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ክፍተት የሌለው ብረት ይጠግብና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።

የኃይል ትራንስፎርመሩ ያለ ቫልቭ ለአንድ ሰዓት ተሰክቶ ይቆያል። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ አይሆንም። የተፈለገው ዓይነት ሁለት ጊዜ 250 ቮልትና 6.3 ቮልት የሚሰጥ ነው። ይህ ከጠፋ ከ220 ወደ 6 ቮልት የሚያወርዱ፣ እያንዳንዳቸው 50 ቪኤ የሆኑ ሁለት ትራንስፎርመሮች ጀርባ ለጀርባ ይያያዛሉ። የመጀመሪያው 6 ቮልት ክሮቹንም ሁለተኛውንም ይመግባል፤ ሁለተኛው ተገልብጦ መልሶ ወደ 200 ቮልት ያወጣል። በዚህ ጊዜ ኢዜድ 80 ቀርቶ አራት የ1ኤን 4007 ዳዮዶች በድልድይ ይገባሉ። 220 ቮልቱን ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ በዳዮድ አስተካክሎ መጠቀም ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ ማጉያው ከመብራት መስመሩ ሳይለይ ይቀራልና።

3. ሻሲ መምረጥ

ከተገኘው ብረት ሻሲ ሊሆኑ የሚችሉት በርካታ ናቸው፤ ጥንካሬያቸውና ጉድለታቸው ግን ይለያያል።

የተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ሳጥን ጠንካራ ብረት ነው። ስፋቱ 15 በ14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ትራንስፎርመሮቹን ይቀራርባል። ሲከፈትም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ወደ 300 ቮልት ይዘው ሊገኙ ስለሚችሉ መጀመሪያ በሬዚስተር ይራገፋሉ።

የዲቪዲ ማጫወቻ ወይም የሪሲቨር ሳጥን ሰፊ ነው፤ ቆርቆሮው ግን ስስ ስለሆነ በትራንስፎርመር ክብደት ይጎብጣል። ከውስጥ የላሜራ ቁራጭ ተደርቦ በቡሎን ካልተጠናከረ አይበቃም።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ከዋንዛ ጣውላ የተሠራ ክፈፍ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሉህ ማሰር ነው። መጠኑ 30 በ20፣ ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። አሉሚኒየም በቀላል መሣሪያ ይበሳል፤ ከላሜራ በተለየም የኃይል ትራንስፎርመሩን መግነጢስ ወደ ስፒከር ትራንስፎርመሩ አያደርስም። ቁርጥራጩ ከበርና መስኮት ሠሪዎች ወይም አዲስ አበባ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ጣውላ በሙቀት ይጣመማል።

የዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ሻሲ አይሆንም። ትራንስፎርመር ሲጫንበት ይታጠፋል፣ የቫልቭ መሰኪያውም ሲሰካና ሲነቀል ቀዳዳው ይሰፋል። ለመከለያነት ብቻ ይጠቅማል።

4. ከመብሳት በፊት ማሰለፍ

ዕቃዎቹ ቀዳዳ ሳይበሳ በሉሁ ላይ ይደረደራሉ። የኃይል ትራንስፎርመሩ በአንድ ጥግ፣ የድምፅ መግቢያው በተቃራኒው ጥግ ይሆናል። ቫልቮቹ ከኃይሉ ወገን ወደ መግቢያው ኢዜድ 80፣ ኢኤል 84፣ ኢሲሲ 83 በሚል ቅደም ተከተል ይቆማሉ። ኢኤል 84 በጣም ስለሚግል ከሌላው ዕቃ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ገደማ ስለሚያጥር፣ እንደ ዓባያ ዳርቻ ባለ ቆላ አገር ካፓሲተሮቹ ከሉሁ በታች ከቫልቮቹ ርቀው ይቀመጣሉ።

የስፒከር ትራንስፎርመሩ ቦታ በግምት ሳይሆን በጆሮ ይወሰናል። የኃይል ትራንስፎርመሩ ብቻውን ይሰካል፤ ተርሚናሎቹም አስቀድመው በኢንሱሌሽን ይሸፈናሉ። በስፒከር ትራንስፎርመሩ የስፒከር ወገን ላይ የጆሮ ማዳመጫ ይገጠማል፤ የሌላኛው ወገን ሽቦዎች ተሸፍነው ክፍት ይቆያሉ። ትራንስፎርመሩ በደረቅ እንጨት እየተገፋ ሲዞርና ሲርቅ ጉርምርምታው ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ብረቶች በ90 ዲግሪ ሲቆሙ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ያ ቦታ በእርሳስ ይከበባል። ይህን ፈተና የዘለለ ሰው ሻሲው ከተበሳ በኋላ ጉርምርምታውን በካፓሲተር ሊያስወግድ ይሞክራል፤ አይሳካለትም።

5. መብሳት

የቫልቭ መሰኪያ ቀዳዳ ከ19 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእጅ ያለው መሰኪያ ተለክቶ ይወሰናል። ትልቅ መብሻ ከሌለ ክቡ ይሳልና በመስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ይበሳሉ። መሐሉ በመሮ ይወጣና ዳሩ በግማሽ ክብ ሞረድ ይስተካከላል። መሰርሰሪያው እንዳይንሸራተት እያንዳንዱ ነጥብ አስቀድሞ በሚስማር ይመታል። ከሉሁ በታች እንጨት ይደረጋል፤ ካልተደረገ ሉሁ ይጎደጉዳል።

ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይገባለታል፤ የተሳለ የብረት ጠርዝ ከጊዜ በኋላ ሽፋኑን ይቆርጣል። የመብራት ገመዱም ሲጎተት እንዳይነቀል ከውስጥ በመያዣ ይታሰራል። ገመዱን ቋጥሮ መተው በቂ አይደለም። የብረት ብናኙ በሙሉ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ብቻ ዕቃ መግጠም ይጀመራል።

6. የመሬት ሽቦና የኃይል ክፍል

የመጀመሪያው የሚገጠም ነገር የመሬት (ኧርዝ) ቡሎን ነው። ለዚህ ብቻ የተመደበ ቡሎን ይሆናል፤ ትራንስፎርመር የያዘ ቡሎን አይጋራም። ከሥሩ ያለው ቀለም ተፍቆ ባዶ ብረት ይወጣል፣ ባለ ጥርስ ሮንዴላ ይገባል፣ በሁለት ዳዶ ይጠብቃል። አሉሚኒየም ሊድ ስለማይዝ ሽቦው በመያዣ ጫፍ ይታሰራል። ቢጫ አረንጓዴው ሽቦ ከሌሎቹ ረዘም ይላል፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ ላይ የሚበጠሰው እሱ እንዲሆን ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ የመሬት እግር ቢኖረውም ከኋላው የተቀጠለ ሽቦ የለም። ከፌዙ ወደ መሬት እግር በቴስተር ሲለካ 220 ቮልት ገደማ፣ ከኒውትራሉ ወደ መሬት እግር ሲለካ ጥቂት ቮልት ብቻ ካልታየ መስመሩ የለም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ማጉያው ከመሰካቱ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ የመሬት ዘንግ ይቀበራል።

ፌዙ መጀመሪያ በ0.5 አምፔር ዘገምተኛ ፊውዝ፣ ቀጥሎ በማብሪያው አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይገባል። ሁለቱ የ250 ቮልት ጫፎች ወደ ኢዜድ 80 እግር 1 እና 7 ይሄዳሉ፤ መካከለኛው ጫፍ ግራውንድ ነው። ከእግር 3 የሚወጣው ዲሲ በ47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይጠራል። ኢዜድ 80 ከ50 ማይክሮፋራድ በላይ ፊት ለፊቱ ሲገጠም ስለሚጎዳ እዚህ ላይ “ትልቅ ይሻላል” የሚለው ሐሳብ አይሠራም። ቀጥሎ 220 ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር፣ ከዚያ 100 ማይክሮፋራድ፤ ለኢሲሲ 83 ደግሞ 22 ኪሎ ኦምና 22 ማይክሮፋራድ ይጨመራሉ። ካፓሲተሮቹ ሁሉም 450 ቮልት ይሁኑ፤ ቫልቮቹ ሳይግሉ ቮልቴጁ ወደ 350 ይወጣል። በ100 ማይክሮፋራዱ ላይ 100 ኪሎ ኦም ባለ 2 ዋት ሬዚስተር ይገጠማል፤ ማጉያው ሲጠፋ ኃይሉን የሚያራግፈው እሱ ነው።

የማሞቂያ ክር ሽቦዎቹ ጥንድ ሆነው ጠብቀው ይጠመዘዛሉ፣ በሻሲው ጥግ ተጣብቀው ይሄዳሉ። በኢኤል 84ና በኢዜድ 80 እግር 4 እና 5 ላይ ይገባሉ። በኢሲሲ 83 ላይ እግር 4 እና 5 ተያይዘው አንድ ጫፍ፣ እግር 9 ሌላ ጫፍ ይሆናሉ። ከሁለቱ መስመሮች ወደ ግራውንድ አንዳንድ የ100 ኦም ሬዚስተር ይገጠማል፤ ይህ ትንሽ ነገር የ50 ኸርዝ ጉርምርምታን በእጅጉ ይቀንሳል።

7. የድምፅ ክፍል

ከስልክ ወይም ከማጫወቻ የሚመጣው ድምፅ በ500 ኪሎ ኦም ቮልዩም አልፎ በ10 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ኢሲሲ 83 እግር 2 ይገባል። እግር 1 በ100 ኪሎ ኦም ከኃይሉ ጋር ይያያዛል። እግር 3 በ1.5 ኪሎ ኦም፣ ከሥሩም በ100 ኦም ወደ ግራውንድ ይወርዳል፤ 22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ1.5 ኪሎ ኦሙ ላይ ብቻ ይደረባል። የቫልቩ ሁለተኛ ግማሽ፣ ማለትም እግር 6፣ 7 እና 8፣ ለጊዜው ወደ ግራውንድ ይታሰራል፤ በኋላ ሁለተኛ ቻናል ቢፈለግ ያገለግላል።

ከእግር 1 ወደ ኢኤል 84 የሚያሻግረው 0.1 ማይክሮፋራድ፣ ቢያንስ 400 ቮልት የሆነ አዲስ የፊልም ካፓሲተር ነው። ከእሱ በኋላ 470 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ፣ 1 ኪሎ ኦም ደግሞ ወደ እግር 2 ይሄዳል። ይህ የመጨረሻው ሬዚስተር ከመሰኪያው እግር ጋር ተጠግቶ ይበየዳል፤ ከራቀ ቫልቩ በማይሰማ ፍሪኩዌንሲ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። እግር 3 በ150 ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተርና በ100 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ፣ እግር 9 በ100 ኦም ወደ ኃይሉ፣ እግር 7 ወደ ስፒከር ትራንስፎርመሩ ይያያዛሉ። የትራንስፎርመሩ ሌላ ጫፍ ከ100 ማይክሮፋራዱ ኃይል ይወስዳል።

ግራውንዶቹ በየተገኘው ቦታ ሻሲው ላይ አይበየዱም። በአንድ ወፍራም መዳብ ሽቦ ላይ ከኃይሉ ወደ መግቢያው በተራ ይሰበሰቡና ያ ሽቦ በመግቢያው አጠገብ አንድ ጊዜ ብቻ ከሻሲው ጋር ይገናኛል። የመግቢያው መሰኪያም ከሻሲው በፕላስቲክ ይለያል። በሁለት ቦታ የተገናኘ ግራውንድ የማይጠፋ ጉርምርምታ ያመጣል።

8. የመጀመሪያው ማብራት

ከፌዙ ጋር በተከታታይ የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል ይገባል፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ስፒከር ወይም 8 ኦም ባለ 10 ዋት ሬዚስተር ሳይገጠም ማጉያው አይበራም፤ ጭነት የሌለው የስፒከር ትራንስፎርመር በራሱ ቮልቴጅ ሊበሳ ይችላል። መጀመሪያ ያለ ቫልቭ ይሞከራል፤ አምፖሉ በደማቁ ከበራ አጭር ግንኙነት አለ። ከዚያ ቫልቮቹ ገብተው እንደገና ይታያል። አምፖሉ ደብዘዝ ካለ ይወጣና በቀጥታ መስመር ይለካል። የቴስተሩ ጥቁር ሽቦ በግራውንዱ ላይ ይታሰራል፣ አንድ እጅ ብቻ ይሠራል፣ ሌላኛው ከማጉያው ይርቃል።

የሚጠበቁት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ኢኤል 84 እግር 7 ከ235 እስከ 255 ቮልት፣ እግር 3 ከ7 እስከ 8 ቮልት፣ እግር 2 ዜሮ፤ ኢሲሲ 83 እግር 1 ከ140 እስከ 170 ቮልት፣ እግር 3 ከ1 እስከ 1.6 ቮልት። የኢኤል 84 እግር 3 ቮልት ለ150 ሲካፈል የቫልቩ ፍጆታ ይታወቃል፤ 7.5 ቮልት ማለት 50 ሚሊአምፔር ነው። ከ9 ቮልት በላይ ከሆነ ወዲያው ይጠፋል። እግር 2 ላይ ቮልት ከታየ አሻጋሪው ካፓሲተር ያሳልፋል ማለት ነው።

9. ድምፁን ማስተካከል

ማጉያው ከሠራ በኋላ ከስፒከሩ ግራውንድ ያልሆነ ጫፍ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ተነሥቶ ከኢሲሲ 83 እግር 3 በታች ባለው የ1.5 ኪሎ ኦምና የ100 ኦም መገናኛ ላይ ይበየዳል። የስፒከሩ ሌላ ጫፍ ግራውንድ ይሆናል። ይህ መልሶ ማገናኛ መዛባትን ይቀንሳል፣ ወፍራሙንም ድምፅ ያጠብቃል። ሲበራ ከጮኸ ስሕተቱ የአቅጣጫ ነው፤ የስፒከር ትራንስፎርመሩ የቫልቭ ወገን ሁለት ሽቦዎች ይቀያየራሉ።

ለ5 ዋት የሚስማማው በ1 ዋት ከ90 ዴሲቤል በላይ የሚሰጥ ስፒከር ነው። የአሮጌው ሬዲዮ የወረቀት ስፒከር ካልተቀደደ ጥሩ ይሠራል። ለመኪና የተሠራ ከባድ ባስ ስፒከር ግን ይህን ማጉያ ያደክማል።

10. መዝጋትና ማስቀመጥ

የሻሲው ሥር ሳይዘጋ ማጉያው ወደ ሳሎን አይገባም። ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ ይዘጋል፤ በዓባያ ዙሪያ ነፍሳት ብርሃንና ሙቀት ስለሚወዱ ከቀዳዳው በላይ የወንፊት ሽቦ ይደረባል። አራት የጎማ እግሮች ሥሩን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሡታል፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ቫልቮቹ እጅ ስለሚያቃጥሉ ሕፃን ባለበት ቤት ከላይ የሽቦ መከለያ ይታሰራል። ማጉያው በጨርቅ አይሸፈንም፣ በመጋረጃ አጠገብም አይቀመጥም።

መብራት ሲጠፋ ስፒናው ይነቀል፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ክሩንም ካፓሲተሩንም ይጎዳል። መስመሩ ከ198 እስከ 242 ቮልት ውጪ በሚዋልልበት ቤት ቮልቴጅ ማረጋጊያ ያስፈልጋል፤ የቫልቭ ክር ከ10 በመቶ በላይ መዋዠቅን አይችልም።

ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ብየዳውን ለብቻው ሊጨርስ ይችላል፤ ደረጃ 6 እና 8ን ግን ልምድ ካለው ቴክኒሺያን ጋር ሆኖ ይሥራ።